ለሀስና ብቻ የተዘጋው በር

አሲያ ሥራዋ ምን እንደሆነ እናቷ በጠየቋት ቁጥር «ዘበኛ ነኝ» ትላቸዋለች። እናቷ ደግሞ ለጎረቤት ሲያወሩ ዘበኛ የሚለውን ይዘሉትና «ልጄ የሆስፒታል ሥራ ነው የምትሠራው» ይላሉ። ሁለቱም አልዋሹም። አሲያ ወልዲያ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ መሥሪያ ቤት ተቀምጣ፣ ከመርሳ እስከ ደሴ ያሉ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የሕመምተኛ መረጃ የሚለዋወጡባቸውን ድረ ገጾች ትጠብቃለች።

ከእሷ በፊት ነገሩ ሁሉ ልቅ ነበር። የላብራቶሪው ገጽ ለብቻው፣ የመድኃኒቱ ለብቻው፣ የሪፈሩ ለብቻው ነው፤ አንዳንዱ የይለፍ ቃል አለው፣ አንዳንዱ ጭራሽ የለውም። አንድ ቀን አንድ ሥራ ፈት ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ የሰው የደም ምርመራ ውጤት ከስልኩ ላይ ጮክ ብሎ አነበበ ተባለ። ከተማው ተንጫጫ። ስብሰባ ተጠራ፣ ስብሰባው ሌላ ስብሰባ ወለደ፣ በመጨረሻ አሲያ ተቀጠረች።

የሠራችው ነገር ሲያወሩት ቀላል ነው። ገጾቹን ሁሉ ከአንድ በር ጀርባ አስገባቻቸው። የሙያው ሰዎች ይህን በር ሪቨርስ ፕሮክሲ ይሉታል፤ እሷ ግን በሩ ብላ ነው የምትጠራው። በሩ ራሱ ማንንም አያውቅም። ሰው ሲመጣ ያቆመዋል፤ ከጀርባው ወዳለ ሌላ ፕሮግራም ዞሮ «እገሌ መጥቷል፣ እዚህ ገጽ መግባት ይፈልጋል፣ ላስገባው?» ይላል። ያኛው ፈቃድ ሰጪው ነው። ይግባ ካለ ይገባል፣ አይግባ ካለ ደጅ ይቀራል። ሠርግ ቤት በር ላይ ቆሞ፣ ዘመዱን ከባዳው መለየት አቅቶት በየደቂቃው ወደ ባለቤቱ እየሮጠ እንደሚጠይቅ አስተናጋጅ ማለት ነው። ልዩነቱ ይሄኛው አይሰለቸውም፤ ሰውየው አንዴ ገብቷል ብሎም አይዘናጋም፣ ገጽ በተከፈተ ቁጥር እንደ አዲስ ይጠይቃል። የፈቃድ ሰጪውን ሕግ የምትጽፈው ደግሞ አሲያ ናት። እንግዲህ በሩ «አይቻልም» ሲል፣ አይቻልም ያለችው እሷ ናት ማለት ነው።

ይህ ነገር ከማንም በላይ የገባት ሀስና ናት። ሀስና መርሳ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ከአቅማቸው በላይ የሆነ ሕመምተኛ ሲመጣ ሪፈር ጽፋ ትልከውና፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደደረሰ በኮምፒውተር ትከታተለዋለች። አሲያ ሥልጠና ልትሰጥ መርሳ የሄደች ጊዜ፣ ሌላው ሁሉ በር በሩን እያየ ምሳ ሲጠብቅ፣ ሀስና ከፊት ተቀምጣ «ኔትወርክ የጠፋ ጊዜና የተከለከልን ጊዜ በምን እንለየዋለን?» ብላ ጠየቀች። አሲያ ደስ አላት።

«ኔትወርክ ሲጠፋ ገጹ ጭራሽ አይመጣም» አለቻት። «የይቅርታ ጽሑፍ ከመጣልሽ ግን በሩ ድረስ ደርሰሻል ማለት ነው። አላስገባም ያልኩሽ እኔ ነኝ።»

«አንቺማ አትከለክይኝም» ብላ ሀስና ሳቀች። ከዚያን ቀን ወዲህ ወዳጆች ሆኑ።

ወዳጅነቱ ደግሞ ወንድም ይዞ መጣ። ረዲ የሀስና ታናሽ ነው፤ እናታቸው ሲሞቱ ገና ሕፃን ስለነበር ያሳደገችው ሀስና ናት፤ አላጠባችውም እንጂ እናቱ እሷው ናት። «እታለም» ይላታል። አይሱዙ ይነዳል፤ ከግራና ማሳዎች ሽንኩርት እየጫነ ወልዲያ ያራግፋል፤ ካራገፈ በኋላ እጁን ታጥቦ ሸሚዝ ቀይሮ ከአሲያ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ካለው ጁስ ቤት ይቀመጣል። የሽንኩርት ሽታ ግን ሸሚዝ በመቀየር የሚለቅ ነገር አይደለም። አሲያ ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ መምጣቱን ታውቀው ነበር።

ረዲ ወደ አባቷ ቤት ሽማግሌ ሊልክ ቆርጧል። «ይሄ ሽንኩርት ይነሣ፣ አባቴም ትንሽ ይሻላቸው፣ ከዚያ በቃ» ይላታል። «ለካ ከሽንኩርት ቀጥሎ ነኝ» ብላ ታሾፍበታለች፤ ልቧ ግን በደስታ ይዘላል። ይህንን ከሀስና በስተቀር የሚያውቅ የለም። ሽማግሌ ደጇን ሳይረግጥ ስሟ በከተማው አፍ የገባ ልጅ ምን እንደሚባልባት ሁለቱም ያውቃሉና አንድም ቀን ተያይዘው መንገድ አልሄዱም።

አንድ ጠዋት አይሱዙው ሽንኩርት እንደጫነ ከመርሳ ትንሽ አለፍ ብሎ ተገለበጠ።

ሰዎች ረዲን ተሸክመው ያስገቡት ሀስና ወዳለችበት ጤና ጣቢያ ነው። የወንድሟን ደም በገዛ እጇ አቆመች፤ ወደ ደሴ የሚሄድበትን ሪፈር በገዛ እጇ ጻፈች። አብራው አምቡላንስ ልትገባ እግሯን ስታነሣ ግን አባቷ ትዝ አሏት። አባባ አቡበከር ልባቸው ደካማ ነው፤ ቤት ውስጥ ከእሷ ሌላ የሚያያቸው የለም። የአባቷ ወንድም አጎት አሕመድ «አንቺ አባትሽን ያዢ፣ እኔ አለሁለት» ብለው ገቡ። ሀስና አምቡላንሱ ከዓይኗ ሲርቅ ለአሲያ ደወለች።

«አትደንግጪ» አለቻት። ድምፅዋ ግን ራሱ የደነገጠ ነበር። «ይናገራል። ‹እታለም፣ ሽንኩርቱን ሰው እንዳይወስደው› እያለኝ ነው የሄደው።»

ሁለቱም ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ መርሳ አንዷ ወልዲያ ሆነው፣ አንድ ገጽ ከፍተው አንድ ስም ሲያዩ ዋሉ። አሲያ ያለ ሥራዋ የማንንም ሕመምተኛ ገጽ ከፍታ አታውቅም ነበር፤ ያን ቀን ከፈተች። «ደርሷል» ይላል። ቆይቶ «ድንገተኛ ክፍል» ይላል። ቆይቶ «ቀዶ ጥገና ገብቷል» ይላል። አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ሀስና ትደውላለች። «አየሽው?» «አየሁት።» «አይዞን።» «አይዞን።» ከቀትር በኋላ ሀስና «ለአባዬ መድኃኒት ሰጥቼ መጣሁ» ብላ ወደ ቤት ሄደች።

አሲያ ገጹን ደግማ ስትከፍተው «ሕይወቱ አልፏል» ይላል።

አነበበችው። የሌላ ሰው ገጽ የከፈተች መስሏት ስሙን አየችው፤ የአባቱን ስም አየችው። ዘግታ ከፈተችው። የሠራችው በር ታማኝ ነውና በከፈተችው ቁጥር «ይህቺ አሲያ ናት፣ ላስገባት?» ብሎ ጠየቀ፤ ፈቃድ ሰጪው «ትግባ» አለ፤ ገብታም ያንኑ አነበበች። አጠገቧ ደሳለኝ፣ የሥራ ባልደረባዋ፣ ብስኩት እየቆረጠመ ይጽፋል። ልትጮህ አፏን ከፈተችና ዘጋችው። ማን ሞተብሽ ቢላት ምን ትበል? ወንድሜ አትል፣ ባሌ አትል፣ እጮኛዬ እንኳ አትል። የሻሿን ጫፍ ነክሳ ቁጭ አለች።

ስልኳ ጠራ። የማታውቀው ቁጥር ነው።

«አሰላሙ አለይኩም። ያንን ኮምፒውተር የምትጠብቂው አሲያ አንቺ ነሽ ልጄ?»

«ወአለይኩም ሰላም። አዎ፣ ነኝ።»

«አሕመድ እባላለሁ፣ የሀስና አጎት። ከደሴ ነው የምደውልልሽ። ቁጥርሽን ከጤና ጣቢያው ሰው ነው የተቀበልኩት፤ የሀስና ወዳጅ ነሽ አሉኝ። ነገሩ እንዳይሆን ሆነ። አንቺ መቼም አይተሽዋል።»

«አይቻለሁ፣ አባቴ።»

«የአላህ ውሳኔ ነው። እንግዲህ ጀናዛውን ይዘን ማታውን እንነሣለን። ሲነጋ፣ ሱብሒ እንደተሰገደ፣ ሽማግሎቹ ቤት ገብተው ለአባቱም ለእሷም ያረዳሉ። አቡበከር ልቡን ታውቂ እንደሆነ አላውቅም፤ ሰው ሳይከበው ከሰማ እሱንም አብረን ነው የምንቀብረው። እኔ ስልኬን አጠፋለሁ። የፈራሁት ያንን ኮምፒውተር ነው፤ ሁሉን ይናገራል አሉኝ። ሀስና እንዳታየው አድርጊልኝ። ልጅቷ ብቻዋን በተቀመጠችበት መርዶዋን ከመስታወት ላይ ታንብብ? በአላህ ይሁንብሽ።»

«እሺ፣ አባቴ። አታይም።»

«አላህ ያክብርሽ። ሐዘኑ የእኛ፣ ችግሩ ለአንቺ ሆነ። አስቸገርንሽ ልጄ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሰውየው ክፋት የላቸውም፤ ረዲን ወደምታውቅ ሰው ሳይሆን ወደ መሥሪያ ቤት የደወሉ መስሏቸው ነው። አሲያ ግን «ሐዘኑ የእኛ» ያሉት ነገር ደረቷ ላይ ቁጭ አለ።

አገሩ ሞትን በስልክ አይናገርም። የሚሞተው ሰው ሩቅ አገር ቢሞት እንኳ ዘመድ ስልኩን አጥፍቶ፣ ጎረቤት እያወቀ እንዳላወቀ ሆኖ ሰላምታ ተለዋውጦ፣ ባለሐዘኑ አንዲት ሌሊት ይተኛባት ተብሎ ይታደራል። ሲነጋ ሽማግሎች ይመጣሉ፤ ከኋላ የሚይዙ ሴቶች ይመጣሉ፤ ውኃ ይዘጋጃል። ይህ ሁሉ ድካም ለአንድ ነገር ነው፦ ያንን ቃል ሲሰማ ሰው ብቻውን እንዳይሆን። አሲያ ብቻዋን ሰምታዋለች። ምን እንደሚመስል ታውቀዋለች፤ ገና ሰዓትም አልሞላው። ሀስና እንዲህ አትሰማም አለች በልቧ፤ በዚህች ነገር እንኳ ለረዲ እደርስለታለሁ አለች።

ለደሳለኝ የአጎትየውን መልእክት ብቻ ነገረችው። ደሳለኝ ብስኩቱን አስቀመጠ።

«ጽሑፉን ማጥፋት አይቻልም?»

«ሐኪም የጻፈውን እንዴት አጠፋለሁ? በሩ ደግሞ ውስጥ የተጻፈውን አያይም። የሚያየው ማን እንደመጣና ወዴት እንደሚገባ ነው።»

«እንግዲያው ጠቅልለሽ ዝጊው። ኔትወርክ ጠፋ ቢባል በዚህ አገር ማን ይደነቃል?»

እውነቱን ነው፤ የሚደነቅ አልነበረም። አሲያም እጇን ሰንዝራ ነበር። ነገር ግን ያን ሰዓት ገጹ ላይ ከግራና የተላከች አንዲት ወላድ ነበረች፤ ደም እየፈሰሳት መንገድ ላይ ናት፣ ሆስፒታሉ የደም ዓይነቷን የሚያየው ከዚሁ ገጽ ነው። ለእኔ ሐዘን ብዬ የሰው ልጅ ልግደል? አለችና እጇን መለሰች። የቀረው አንድ መንገድ ነው። ፈቃድ ሰጪውን ከፈተችና አንዲት መስመር ጻፈች፤ የመጣችው ሀስና ከሆነች፣ ወደ ሪፈሩ ገጽ ከሆነ፣ አትግባ።

ሌላ ቀን ቢሆን፣ የሌላ ሰው ሐዘን ቢሆን፣ ከዚህ የተሻለ ታስብ ነበር። ለሀስና ባዶ ገጽ እንዲመጣላት፣ ኔትወርክ የጠፋ እንዲመስላት ማድረግ ለአሲያ የሻይ ሰዓት ሥራ ነው። ያን ሰዓት ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶ ፊደሉን እየደበዘዘባት ነበር፤ መስመሯን ጽፋ አስቀመጠች፤ የቀረውን ነገር ሁሉ እንደነበረ ተወችው። እንደነበረው ደግሞ፣ በሩ የሚከለክለውን ሰው በራሷ በአሲያ ቃል «ይቅርታ፣ ወደዚህ ለመግባት አልተፈቀደልዎትም» ይለዋል።

ከዚያ የሀስናን ስልክ መጠበቅ ጀመረች። ብትደውል ምን ትላታለች? «እየተጠገነ ነው» ልትል አሰበች፤ «ነገ ይስተካከላል» ልትል አሰበች። ሀስና ግን አልደወለችም። ከሰዓት በኋላው አለፈ፣ የሥራ መውጫ ደረሰ፣ አልደወለችም። አሲያ አላህን አመሰገነች፤ አባቷ ጋ ቆይታ ኮምፒውተሩ ጋ አልተመለሰችም አለች። ቀኑን ሙሉ ስትደውል የዋለች ሴት በድንገት ዝም ካለች ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ነበረባት። አላሰበችም። መዋሸት ስለቀረላት ብቻ ደስ አላት፤ ምን ይደረግ፣ ሰው ናት።

ማታ እናቷ ፊቷን አይተው «ምነው?» ሲሏት «ራሴን ነው» አለች። እናቷ የራስ ምታት ኪኒን ሰጧት፤ ዋጠችው።

በማግስቱ ገና ጎህ ሳይቀድ ከመናኸሪያው በወጣው የመጀመሪያ ሚኒባስ መርሳ ገባች። ሽማግሎቹ ከመስጊድ ወጥተው ቀስ ብለው ይሄዳሉ፤ ጋቢያቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበዋል። ከኋላቸው ሴቶቹ አሉ፤ የሀስና ጎረቤት እማማ አሰለፈች፣ ከሀስና ጋር የምትሠራው አዋላጅ እታፈራሁ፣ ሌሎችም። እማማ አሰለፈች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለመልበስ ደጁን እስኪያልፉ ይጠብቃሉ። አሲያ ከሴቶቹ ኋላ ገባች። ማንም ማን ነሽ አላላትም፤ የሀስና የሥራ ጓደኛ ናት፣ ሌላ ምን ትሆናለች?

ሽማግሎቹ በሩን ሳያንኳኩ ተከፈተ።

ሀስና ለብሳ ቆማለች። ቤቱ ተጠርጓል። ምንጣፍና ሰሌን ዳር እስከ ዳር ተነጥፏል፤ ውኃ በጆግ ተቀድቶ ተቀምጧል። አባባ አቡበከር በትራስ ተደግፈው፣ ንጹሕ ለብሰው፣ መድኃኒታቸውን ውጠው ተቀምጠዋል። ሽማግሎቹ ተያዩ። ሀስና እጃቸውን ሳመች፤ «ግቡ» አለች፤ ሄዳም ከአባቷ አጠገብ ቁጭ ብላ ክንዷን በትከሻቸው ላይ አሳረፈች። አንድም ነገር አልጠየቀችም።

ታላቅየው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አቡበከር ወንድሜ፤ አማናውን የሰጠ ጌታ አማናውን ወሰደ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። ረዲ አልፏል። ሰብር አድርግ።»

አዛውንቱ መጀመሪያ ያልሰሙ መሰሉ። ቀጥሎ «ልጄ? የእኔ ልጅ?» አሉ፤ ሽማግሎቹ ከግራ ከቀኝ ያዟቸው። ሀስና ያኔ ጮኸች። እንደ ሰው ሁሉ ጮኸች፤ ሴቶቹም ተቀብለው ጮኹ፤ ቤቱ ተናጠ። አሲያ ግን በሩ ሥር ቆማ የሀስናን ዓይን አየች። ዓይኗ ያበጠው ከመርዶው በፊት ነው። ይህን ያየች አሲያ ብቻ ነበረች።

ረፋዱ ላይ ወንዶቹ ጀናዛውን አጅበው ለቀብር ወደ ትውልድ መንደራቸው ወደ ግራና ሄዱ። ሴቶቹ ደጁ ላይ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ቀሩ። ሀስና ተነሥታ የአሲያን እጅ ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻትና መጋረጃውን ለቀቀችው። ሁለቱም ጆንያ ላይ ተቀመጡ።

«ኔትወርክ ነው ብዬ ነበር» አለች ሀስና። ድምፅዋ ተዘግቷል። «ገጹ ግን መጣ። ‹ይቅርታ› አለኝ። ሥራ ነው፣ ተሳስታ ይሆናል አልኩ። እታፈራሁን ‹እስቲ በአንቺ ስም ግቢ› አልኳት። ገባላት። ‹የረዲን ልክፈትልሽ?› አለችኝ። ‹ተዪው› አልኳት።»

«ለምን ተዪው አልሽ?»

«አንቺ ከልክለሽኝ በሌላ ሰው በኩል ሾልኬ ልግባ? አንቺ እኔን የምትከለክይኝ ነገር ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ አሲያ። ሌላ ምን አለ?»

አሲያ ግንባሯን በሀስና ጉልበት ላይ ደፋች። «አውፍ በይኝ። ብቻሽን እንዳታነቢው ብዬ ነው። በአላህ፣ ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ግን ብቻዬን ሆንኩ።» ሀስና እየነቀፈቻት አልነበረም፤ የሆነውን መንገሯ ነው። «አባዬ ገና አልሰሙም፤ እሳቸው እያዩኝ ማልቀስ አልችል። እራት አቀረብኩላቸው። ‹ረዲ እንዴት ነው?› አሉኝ፤ ‹ተኝቷል አሉኝ› አልኳቸው። እሳቸው ሲተኙ እዚሁ ጓዳ ገብቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ከትቼ አለቀስኩ። መሀል መሀል ላይ ስልኬን አውጥቼ እሞክረዋለሁ። ምናልባት ትከፍትልኝ ይሆናል፣ ምናልባት ድኖ ይሆናል እላለሁ። ‹ይቅርታ› ይለኛል። ደግሞ እሞክራለሁ። ‹ይቅርታ› ይለኛል። የአንቺ ድምፅ ይመስለኝ ጀመር።»

ያን ሌሊት ሁሉ በሩ «ሀስና መጥታለች፣ ላስገባት?» ሲል፣ እሷ በጻፈችው መስመር «አትግባ» ሲባል አድሯል። ወንድሟ የሞተባትን ሴት ደጅ አስጠናቻት። ከሽማግሎቹ በፊት መርዶውን ያረዳችው እሷው ናት፤ ያውም ሰው በሌለበት፣ የሚይዝ በሌለበት። ይህ ነገር ዕድሜ ልኳን ከውስጧ እንደማይወጣ እዚያው ጆንያ ላይ ተቀምጣ አወቀችው።

ሀስና ራሷን እየዳበሰቻት ብዙ ቆየች። ከዚያ እጇ ቆመ።

«አሲያ።»

«ወይ።»

«ለአንቺስ ማን ነገረሽ?»

አሲያ ቀና አለች። «ምኑን?»

«ረዲን። ማን አረዳሽ?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ» አለች አሲያ።

«ማን ነገረሽ ነው የምልሽ።»

«ማንም። አየሁት። አጎትሽ ሲደውሉ አይቼው ነበር፤ እሳቸውም ‹አይተሽዋል› ነው ያሉኝ። ደሳለኝም የሚያውቀው የአንቺ ወንድም እንደሞተ ብቻ ነው። እናቴም ‹ልጄን ራሷን አመማት› ነው የሚሉት።» ለመሳቅ የፈለገች ትመስላለች። «ምን ብለው ይንገሩኝ? ምኑ ነኝ?»

ሀስና ተነሥታ መጋረጃውን ገለጠችና «እማማ አሰለፈች፣ እስቲ ይምጡ። እታፈራሁ፣ አንቺም ነይ፣ ውኃ ይዘሽ» አለች። አሲያ ነገሩ ገብቷት «ተዪ ሀስና፣ ሰው ይሰማል» ብላ ልብሷን ያዘቻት። ሀስና እጇን ቀስ ብላ አላቀቀች። «ይስማ» አለች።

አሮጊቷ ገቡ፤ እታፈራሁም ውኃውን ይዛ ገባች። ሀስና አሲያን መሬት ላይ ሰሌን አንጥፋ አስቀመጠቻት። እማማ አሰለፈችን ከኋላዋ አስቀመጠቻቸው። እታፈራሁ ምንም ሳትጠይቅ ከጎኗ ተንበረከከች። ሀስና ከፊት ለፊቷ ቁጭ ብላ ሁለት እጆቿን ያዘች፤ ጠዋት ሽማግሌው እንዳደረጉት ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አሲያ እህቴ፣ ልንነግርሽ የመጣነው ነገር አለ። ረዲ አልፏል። አባትሽ ቤት ሽማግሌ ሊልክ የነበረው ረዲ፣ ያንቺው ረዲ፣ ትናንት ደሴ ላይ ሞቷል። አላህ ሰብሩን ይስጥሽ።»

አሲያ ትናንት ከቀትር ጀምሮ የምታውቀውን ነገር ያን ጊዜ ገና ሰማችው። ወደ ኋላ ስትወድቅ እማማ አሰለፈች አቅፈው ያዟት። ከጓዳው የወጣው ጩኸት ድንኳኑ ውስጥ ያለውን ለቅሶ አቋረጠው፤ ሴቶቹ ወደ ቤቱ ዞሩ።

«ደግሞ ለማን ነው አሁን የተረዳው?» አለች አንዷ።

«እኔ እንጃ» አለች ሌላዋ። «ሚስት እንኳ አልነበረችው።»